ሀ እየመራ ነው ወይስ አይደለም? የምርጫ አስተያየት ቁጥር ይዘህ የትኛውን ስሌት ትመርጣለህ?

ሁለት ተማሪዎች አንድ ደብተር ይዘው፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሻይ የምጠጣባት ቤት ድረስ መጡብኝ። ለመለማመጃ ብለው 400 ሰው “ምርጫው ዛሬ ቢሆን ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?” ብለው ጠይቀዋል። የፓርቲዎቹን ስም እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፤ ሀ፣ ለ እና ሐ እንበላቸው። ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ ነካ ነካ አድርጌያቸዋለሁና ስለ ከተማው ፖለቲካ ምንም አይናገሩም። ሀ 188፣ ለ 156፣ ሐ 16፣ “ገና አልወሰንኩም” ያለ 40።

ልጁ “ሀ እየመራ ነው” ይላል። ልጅቷ “ይህን ለማለት አይበቃም” ትላለች። ደብተሩ አንድ ነው፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ 95 በመቶ መተማመኛ ነው፣ ሒሳብ የሳተም የለም። የተለያዩት በመረጡት ቀመር ነው። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ምርጫ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ካሉት ስሌቶች የቱን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ?

መጀመሪያ ጥያቄህን ለይ

በአንድ የአስተያየት ጥናት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይደባለቃሉ። የአንድ ፓርቲ ድርሻ ስንት ነው? ከሁለቱ ማን ይበልጣል? ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ? እያንዳንዱ የራሱ ስሌት አለው። ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የአንዱን ቀመር ለሌላው ከመዋስ የመጡ ናቸው።

የምርጫው ሕግም ጥያቄህን ይወስንልሃል። በእኛ አገር በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ 50 በመቶን ማለፍ አይጠበቅበትም። ስለዚህ “ሀ ከግማሽ በላይ አለው ወይ?” ብሎ መፈተሽ ለእኛ ያልተጠየቀ ጥያቄ መመለስ ነው፤ ዋናው ነገር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ኬንያ ብትሆን ነገሩ ይለያል። እዚያ ፕሬዚዳንት ለመሆን ከ50 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩቶ 50.49 በመቶ፣ ኦዲንጋ 48.85 በመቶ አግኝተው ተለያዩ። 50.49ን ከ50 በናሙና ለመለየት፣ ሁሉም ነገር ፍጹም ቢሆን እንኳ፣ 40,000 ገደማ ሰው መጠየቅ ይጠይቃል። ከምርጫው በፊት የወጡ ብዙ ጥናቶች ኦዲንጋን አስቀድመው ነበር። ያን ያህል ጠባብ ልዩነት በሁለት ሺህ ሰው ይያዛል ብሎ የጠበቀ ካለ የተሳሳተው ገና ከመጠበቁ ነው።

ማን ይመራል? የሁለቱ ተማሪዎች ጠብ

ሀ 47 በመቶ፣ ለ 39 በመቶ፤ ክፍተቱ 8 ነጥብ።

ልጁ የተጠቀመው ሁለት የማይገናኙ ናሙናዎችን ለማነጻጸር የተሠራውን ቀመር ነው። እያንዳንዱን ድርሻ ከ1 ተቀንሶ በሚቀረው አባዝቶ (0.47 ሲባዛ 0.53፣ 0.39 ሲባዛ 0.61) ደምሮ፣ ለ400 አካፍሎ፣ ሥሩን አውጥቶ በ1.96፣ ማለትም ለ95 በመቶ መተማመኛ በተለመደው ቁጥር፣ አባዛ። ያገኘው 6.8 ነጥብ ነው። 8 ሲቀነስ 6.8፣ 1.2፤ 8 ሲደመር 6.8፣ 14.8። ከ1.2 እስከ 14.8 ያለው ክልል ዜሮን ስለማይነካ “ሀ ይመራል” አለ።

ልጅቷ ደግሞ ሁለቱን ድርሻዎች ደመረች (0.86)፣ ከዚያ ላይ የክፍተቱን ስኩዌር (0.0064) ቀነሰች፣ ለ400 አካፈለች፣ ሥሩን አውጥታ በ1.96 አባዛች። 9.1 ነጥብ ወጣላት። ክልሉ ከአሉታዊ 1.1 እስከ 17.1 ሆነ፤ ዜሮ ውስጡ አለ።

ትክክሏ እሷ ናት። ምክንያቱን ለማየት የሰኞ ገበያን ሚዛን አስብ። ሁለቱ ሳህኖች በአንድ ዘንግ ላይ ናቸውና አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በአንድ ናሙና ውስጥም እንዲሁ ነው። ዕድል አድርጎት የሀ ደጋፊ በዛ ካለ፣ ያ ትርፍ የመጣው በአብዛኛው ከለ ቦታ ላይ ነው። የሀ ስህተት ወደ ላይ ሲሆን የለ ወደ ታች ይሆናል፤ ክፍተቱ ላይ ሁለቱ ይደማመራሉ። የልጁ ቀመር ግን ሁለት ሚዛን በሁለት ሱቅ የተሰቀለ ያስመስለዋል።

በልብህ የምትይዘው አቋራጭ ልስጥህ። ሁለት ዋና ተፎካካሪዎች ብዙውን ድምፅ የተካፈሉ እንደሆነ፣ የክፍተቱ የስህተት ህዳግ (“ሲደመር ሲቀነስ” ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር) የአንዱ ድርሻ ህዳግ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ጥናቱ “ህዳጉ 4.9 ነው” ካለህ፣ መሪነት ለማወጅ ወደ 9 እና 10 ነጥብ የቀረበ ክፍተት ፈልግ።

ያልወሰኑት 40 ሰዎች ላይም ምርጫ አለብህ። ከነሱ ጋር ስትቆጥር ሀ 47 በመቶ ነው። አውጥተህ በ360 ስታካፍል 52.2 በመቶ ይሆናል፤ አርዕስቱም “ከግማሽ በላይ” ብሎ ይጮኻል። አንድም አዲስ ሰው ሀን አልደገፈም! እኔ ሁልጊዜ ከነሱ ጋር ያለውን ቁጥር አስቀድሜ አወጣለሁ። ሌላውን ያስፈለገው ሰው ራሱ ማካፈል ይችላል።

የአንድ ፓርቲ ድርሻ፦ አራት መንገድ፣ ሁለት ዓይነት ቁጥር

እዚህ ላይ መጻሕፍቱ ብዙ ይላሉ፤ በተግባር ግን ነገሩ የሚወሰነው በቁጥሩ መጠን ነው።

ሁሉም ትምህርት ቤት የሚማረው የዋልድ የሚባለው ስሌት ነው። ድርሻውን ከ1 ተቀንሶ በሚቀረው አባዛ፣ ለናሙናው አካፍል፣ ሥር አውጣ፣ በ1.96 አባዛ። ለሀ ከ42.1 እስከ 51.9 ይሰጣል። ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ስሌት ደግሞ ከ42.2 እስከ 51.9። ናሙናው 400፣ ድርሻው መሃል አካባቢ ሲሆን በሁለቱ ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

ጉዱ የሚወጣው ቁጥሩ ሲያንስ ነው። ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጊዜ ለልምምድ የተሠራ ጥናት ውጤት በሰፈር ስብሰባ ላይ ሳቀርብ፣ በየቀበሌው ለየብቻ የተሠራ ሰንጠረዥ ነበረኝ። በአንዱ ቀበሌ ከተጠየቁት 20 ሰዎች ሐን የመረጠ አልነበረም። በዋልድ ቀመር ድርሻው ዜሮ፣ ህዳጉም ዜሮ! እኔም “0 በመቶ፣ ሲደመር ሲቀነስ 0” ብዬ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ አባት ቀስ ብለው ተነሱና፣ “ልጄ፣ የዚያ ቀበሌ ሰው ነኝ፤ የምመርጠውም ሐን ነው። እኔን የት ጣልከኝ?” አሉ። ቤቱ ሳቀ። “አባባ፣ ስህተቱ የኔ ነው” አልኳቸው። “አብሽር” ብለው ተቀመጡ።

በዊልሰን ስሌት ያው 20 ለዜሮ ከ0 እስከ 16.1 በመቶ ይሆናል። ከ20 ሰው ዜሮ ማግኘት “ማንም የለም” ማለት ሳይሆን “ከስድስት ሰው አንድ ያህል ሊኖርም ይችላል” ማለት ነው። ከ20 አንድ ሰው ቢገኝ ደግሞ ዋልድ ከአሉታዊ 4.6 እስከ 14.6 ይልሃል። ከዜሮ በታች ደጋፊ ያለው ፓርቲ! ዊልሰን ከ0.9 እስከ 23.6 ብሎ በልኩ ያስቀምጠዋል።

ሦስተኛው የክሎፐርና የፒርሰን ነው፤ የእ.ኤ.አ. 1934 ሥራ፣ “ትክክለኛው” እየተባለ የሚጠራ። ለ20 ለዜሮ ከ0 እስከ 16.8፣ ለ20 ለአንድ ከ0.1 እስከ 24.9 ይሰጣል። ከ95 በመቶ በታች ላለመውረድ ቃል ስለገባ ክልሉን አስፍቶ ይይዛል። ክርክር ወይም አቤቱታ ሊነሳበት በሚችል ጉዳይ፣ “አሳንሰሃል” እንዳትባል ስትፈልግ ውሰደው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን ያለ ምክንያት ጥንቁቅ ነው።

አራተኛውን አግሬስቲና ኩል እ.ኤ.አ. በ1998 አስተዋውቀውታል። ከደጋፊውም ከማይደግፈውም ወገን ሁለት ሁለት የሌሉ ሰዎች ጨምርና በተለመደው የዋልድ ቀመር አስላ። በስልክ ካልኩሌተር ብቻ ለሚሠራ ሰው የዊልሰን ምትክ ይህ ነው። ለዜሮ ሲሆን ግን እሱም የታችኛውን ጫፍ ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ ዜሮ ብለህ ቁረጠው።

የቤይዝ መንገድ የሚባለው ሌላ ዓይነት ጠባይ አለው። ከመጠየቅህ በፊት የነበረህን ግምት በግልጽ ጽፈህ፣ መረጃው ሲመጣ ታስተካክለዋለህ። ምንም ግምት የለኝም ብለህ ከጀመርክ ለ20 ለዜሮ አማካይ ግምትህ ከ22 አንድ፣ ማለትም 4.5 በመቶ ይሆናል። ትልቁ ጥቅሙ ሰው በእውነት የሚጠይቀውን መመለሱ ነው፦ “ሀ የመምራቱ ዕድል ስንት ነው?” የዊልሰንም የዋልድም ክልል ይህን አይመልስም። እነሱ የሚሉህ፣ ጥናቱን ደጋግመህ ብትሠራ ከመቶ 95 ያህሉ ክልሎች እውነቱን ይይዛሉ ነው። የቤይዝ ችግሩ መነሻ ግምቱ ነው። በፖለቲካ ጉዳይ “ግምትህ ከየት መጣ?” ያልተባለ ሰው አላየሁም። የጠራ ያለፈ ውጤት ከሌለህ አትግባበት።

ፍርዴን ከጠየቅከኝ፦ ዊልሰንን መደበኛህ አድርግ፣ ዋልድን ለፈጣን የአእምሮ ስሌት አስቀር። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ዊልሰንን የሚሰጠው የድርሻ መፈተሻ ሳይነገረው አንድ ማስተካከያ ይጨምራልና ክልሉ ሰፋ ብሎ ሲመጣ አትደንግጥ፤ ማስተካከያውን አጥፋው።

ተለውጧል ወይ?

ጥር ላይ 47 በመቶ፣ ሚያዝያ ላይ 42 በመቶ ቢሆን፣ በየጊዜው 400 አዲስ ሰው ከጠየቅክ፣ ያ የልጁ ቀመር እዚህ ቦታው ነው። የአምስት ነጥቡ ቅናሽ ህዳጉ 6.9 ነው፤ ወርዷል ለማለት አይበቃም።

ያንኑ 400 ሰው ተመልሰህ ብትጠይቅስ? አሁን የምትቆጥረው የተንቀሳቀሱትን ብቻ ነው። 30 ሰው ሀን ትቶ 10 ሰው ወደ ሀ መጣ እንበል፤ ከ188 ወደ 168፣ ያው ከ47 ወደ 42። የማክኔማር ፈተሻ 30 ሲቀነስ 10ን ለ40 ሥር ያካፍላል፤ 3.16። ከ1.96 በእጅጉ ይበልጣል፣ ለውጡ የዕድል ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል። ያው አምስት ነጥብ በአንዱ መንገድ ወሬ፣ በሌላው ዜና ሆነ። ዋጋው ግን ሰዎቹን መልሶ ማግኘት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ ተከራይቶ የሚኖር ወጣት በሦስት ወር ሁለት ጊዜ ቤት ሊቀይር ይችላል። ያልተገኙት ከተገኙት ይለያሉ፣ ቀመሩ ደግሞ ያንን አያይም።

ከቀመር ሁሉ በፊት ያለው ምርጫ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ ከሆነ ነው። እህል ነጋዴ ጆንያ ሲገዛ አፉን ፈትቶ የላዩን ብቻ አይቶ አይከፍልም፤ ሹሉን ብረት ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ወግቶ መዳፉ ላይ ይዘረግፋል። ሰው ስንጠይቅ ግን ብዙዎቻችን የላዩን ብቻ እንዘግናለን።

ሰኞ ገበያ ቆሞ መጠየቅ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን 400 ይሞላል። ነገር ግን በገበያ ቀን የምታገኘው ሰው ግማሹ ከዙሪያው ገጠር የወጣ፣ ድምፁን ደሴ የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ በቀን ቤት ለቤት ብትዞር ደግሞ የፈረቃ ሠራተኛውን ታጣለህ። በስልክ ብትደውል ስልክ የሌላቸው አዛውንቶችና በባል ስልክ የሚያወሩ እናቶች ይቀራሉ። የናሙና ብዛት ይህን አያክመውም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ደብዳቤ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ነበር። በቀመር ህዳጉ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ፤ ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አምጥቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፣ ያውም በዚያ የችግር ዘመን። መልሶ የላከውም የራሱ ዓይነት ሰው ነው።

ብዙ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር በቶሎ ላንሳ። “ደሴ ትልቅ ነው፣ ኮምቦልቻ ትንሽ፤ ለደሴ ብዙ ናሙና ያስፈልጋል” ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደሴ 151 ሺህ ያህል፣ ኮምቦልቻ 85 ሺህ ያህል ነበሩ። 400 ሰው ለሁለቱም ያው 4.9 ህዳግ ይሰጣል። ወጥ ለመቅመስ ድስቱ ቢተልቅም ማንኪያው አይተልቅም፣ በደንብ ከተማሰለ። ህዳጉን በግማሽ ለመቀነስ ግን ናሙናው አራት እጥፍ ያድጋል፦ ለ100 ሰው 9.8፣ ለ400 4.9፣ ለ1,600 2.45። ከ1999 ወዲህ አዲስ አገር አቀፍ ቆጠራ አለመደረጉ ከከተማው መጠን ይበልጥ ራስ ያሳምማል፤ ዕጣ የምታወጣበት ዝርዝር አርጅቷል።

እውነተኛው የወጪ ጥያቄ የጠያቂዎቹ መንገድ ነው። 400 ሰው ከመላው ከተማ አንድ በአንድ በዕጣ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ሰፈር መርጠን ከየሰፈሩ ብዙ ቤት እንጠይቃለን። ጎረቤት ግን ይመሳሰላል፤ አንድ ዕድር፣ አንድ ቡና፣ ብዙ ጊዜም አንድ አስተያየት። የመመሳሰሉ ልክ (0 ምንም አለመመሳሰል፣ 1 ፍጹም መመሳሰል ሲሆን) 0.05 ነው ብለን እናስላ። ከ20 ሰፈር 20 ሰው ከጠየቅን፣ ከአንድ ሰፈር ከሚጠየቀው አንድ ቀንሰን (19) በ0.05 አባዝተን 1 ስንጨምር 1.95 ይመጣል። 400ን ለ1.95 ስናካፍል 205 ነው። 400 ጠይቀህ የ205 ሰው ያህል ነው ያወቅከው፤ ህዳጉም 6.8። ከ10 ሰፈር 40 ሰው ከሆነ ወደ 136 ይወርዳል፣ ህዳጉ 8.4። ከ50 ሰፈር 8 ሰው ግን 296 ያህል ይቆያል፣ 5.7። የአፍሪካ አገሮችን የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ 1,200 ወይም 2,400 ሰው ሲጠይቅ ከአንድ የቆጠራ ቦታ 8 ሰው ብቻ የሚወስደው በዚህ ሒሳብ ነው። ለእኔ ከዋልድና ከዊልሰን ምርጫ ይህኛው ይበልጣል።

እውነቱን የማይናገር መላሽ

ወሎ እንግዳ በባዶ አይመልስም፤ ጠያቂንም እንደዚያው። የጠያቂውን ፊት አይቶ ደስ የሚለውን መልስ የሚሰጥ ብዙ ነው። የሚያሳፍር ወይም የሚያስፈራ ጥያቄ ሲሆን፣ ለምሳሌ “ድምፅ ለመስጠት ገንዘብ ተቀብለው ያውቃሉ?” ዓይነት፣ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ሌላው ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ከጀመረው ሐሳብ የመጣ የሳንቲም ዘዴ ነው።

አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የአንድ ብር ሳንቲም በነጠላቸው ሥር ገለበጡ። አንበሳው ከወጣ ምንም ይሁን ምን “አዎ” ይላሉ፤ ሚዛኑ ከወጣ እውነቱን ይመልሳሉ። የወጣውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ “አዎ” ማለታቸው ማንንም አያስወነጅልም። ከ400 ሰው 62 በመቶው “አዎ” ካለ፣ እጥፉን ወስደህ ከላዩ አንድ መቶ ስትቀንስ 24 በመቶ ይቀርሃል። ዋጋው ህዳጉ ነው፤ በቀጥታ ጥያቄ 4.2 የሚሆነው እዚህ 9.5 ይሆናል። ያንኑ ጥራት ለማግኘት ከአምስት እጥፍ በላይ ሰው ያስፈልጋል። ሰው የማይደብቀው ነገር ላይ ሳንቲም ማስገልበጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ሰው በሚደብቀው ላይ ደግሞ ቀጥተኛው ጥያቄ በጠባብ ህዳግ የተጠቀለለ ውሸት ይሰጥሃል።

ሁለቱ ተማሪዎች ለቀጣዩ ዙር ኮምቦልቻን መረጡ። ልጁ 20 ሰፈር በ20 ሰው፣ ልጅቷ 50 ሰፈር በ8 ሰው ይሁን ትላለች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የተከራከሩት ስለ ባጃጅ ሒሳብና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ስንት ቀን ወርደው እንደሚወጡ ነበር። በመጨረሻ በ40 ሰፈር በ10 ሰው ተስማሙ። ህዳጉን እዚያው ናፕኪን ላይ አስልተነው 5.9 ወጣ።